ነርስን የልጅ ማስፈራሪያ ማድረግ ይብቃን!

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። በተለይ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ወላጆች እና ታች ክፍል የምታስተምሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

በቀጥታ ልናገረው። እዚህ አገር ብዙ ልጅ ስለ ነርስ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር ዛቻ ነው። «ምሳህን ካልበላህ መርፌ ትወጋሃለች!» «ዝም ካላልሽ ሲስተሯን እጠራታለሁ!» አያ ጅቦ፣ ፖሊስ፣ ነርስ፤ ሦስቱንም በአንድ ሰልፍ አቁመን ልጅ እናስፈራራባቸዋለን። ከዚያ ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» እንለዋለን። «ዶክተር!» «ፓይለት!» «ኢንጂነር!» እሰይ፣ ጭብጨባ። በአጋጣሚ «ነርስ» ያለች ልጅ ከተገኘች ደግሞ አጠገቧ ያለው አዋቂ ቶሎ ብሎ ያርማታል፦ «ለምን ነርስ? ዶክተር በይ እንጂ!»

አሁን የወላጆች በዓል ሰሞን ነው፤ ፌስቡኩም ቴሌግራሙም በልጆች ፎቶ ተሞልቷል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ነጭ ጋዋንና የልብ ማዳመጫ ለወንዱ፣ ቆብና የፕላስቲክ መርፌ ለሴቷ። እሱ ማይክ ይዞ ይናገራል፣ እሷ ከኋላው ቆማ ትጠብቃለች። መምህሯም «ነርስ ማለት ዶክተርን የምትረዳ፣ መርፌ የምትወጋ ሴት ናት» ብላ ታስጠናቸዋለች። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት! እኔ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ ነው የማሰምርበት።

አንደኛ፣ «ረዳት» የምትለዋ። ሰው አልጋ ይዞ ሲተኛ ሐኪሙ ለስንት ደቂቃ ነው የሚያየው? ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ አዝዞ ወደ ሌላው በሽተኛ ይሄዳል፤ ሥራው ነውና አልወቅሰውም። ቀንና ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ከአልጋው አጠገብ ያለው ግን ነርሱ ነው። ትኩሳቱ መውጣቱን፣ ትንፋሹ መፍጠኑን፣ ቁስሉ ማመርቀዙን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ይሄ ሰው ደህና አይደለም፣ ሐኪም ይጠራ» ብሎ የሚወስን ሰው ረዳት አይባልም። የራሱ ዕውቀት፣ የራሱ ኃላፊነት ያለው ባለሙያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና ከጤና ሙያተኛው 59 በመቶውን እንደሚይዙ ገልጿል። ከግማሽ በላይ የሆነውን ሠራዊት ነው እኛ «ረዳት» ብለን ለልጅ የምናስተምረው።

ሁለተኛ፣ «ሴት ናት» የምትለዋ። የፈለጋችሁት ጤና ጣቢያ ግቡ፣ ወንድ ነርስ ሞልቷል። ግን ምን እንላቸዋለን? ወንዱን ነርስ «ዶክተር» እንለዋለን፤ ሰባት ዓመት ተምራ ሐኪም የሆነችውን ሴት ደግሞ «ሲስተር» ብለን እንጠራታለን። ይሄ የአንድ ሰው ስህተት ቢሆን እንስቅ ነበር። የሁላችንም ነው። ከየት መጣ? አንደኛ ክፍል ሳለን ከያዝነው ሥዕል ነው። ወንድ ከሆነ ዶክተር፣ ሴት ከሆነች ነርስ ብሎ ያደገ አእምሮ ሠላሳ ዓመት ቆይቶም ያንኑ ያያል። ጉዳቱ በሁለቱም ላይ ነው፦ ልጅቷ ከዚያ በላይ እንዳታስብ፣ ልጁ ደግሞ ሰው የመንከባከብ ፍላጎቱን እንዲያፍርበት እናደርጋለን።

ሦስተኛ፣ «መርፌ» የምትለዋ። ይቺ ቀልድ ትመስላለች፤ መዘዟን የምናየው ግን እኛ ሃይስኩል ያለነው ነን። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለልጃገረዶች የማህጸን በር ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባት በትምህርት ቤት ሲሰጥ ቆይቷል። ክትባት ሰጪዎቹ ግቢ ሲገቡ የሚለቀሰውን፣ ሽንት ቤት የሚደበቀውን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። የ14 ዓመት ልጅ ናት! ሕይወቷን ሊያተርፍ ከሚችል ነገር የምትሸሸው ሰነፍ ሆና አይደለም። አራት ዓመቷ ላይ ገንፎ እንድትበላ ብለን የተከልንባት ፍርሃት ነው። «እናቴ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እንዳለው ሰውዬ፣ ነገሩ የሚታረመው ያኔ ነበር።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «መምህር፣ አንተ ደግሞ! ደመወዛቸውን አታውቅም? የሌሊት ተረኝነቱን አታውቅም? ልጆቻችንን ወደ ድህነት ልትጋብዝልን ነው?» ጥያቄው ትክክል ነው። በ2017 ዓ.ም ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ለምን ድምፃቸውን እንዳሰሙ ሁላችንም ሰምተናል። እኔም በዲፕሎማ የማስተምር መምህር ነኝ፤ ወር እስኪደርስ መቁጠር ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ሰው ሁሉ «ሌላ ስላጣ የገባበት» የሚለው ሙያ ውስጥ መኖር እንዴት እንደሚያደርግም አውቀዋለሁ። መምህርነትና ነርስነት በዚህ ወንድማማች ናቸው።

ግን ሁለት ነገር አናደባልቅ። የደመወዙ ጥያቄ ለአዋቂ፣ ለበጀት ያዥ፣ ለመንግሥት የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ ይቅረብ፣ እኔም አብሬ እላለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ግን የደመወዝ እርከን አይደለም የሚማረው፤ ማን እንደሚከበር ነው የሚማረው። ደግሞ ንቀቱና ደመወዙ የሚተዋወቁ አይመስላችሁም? ዛሬ በጀት የሚመድበው ሰውዬም ትናንት «መርፌ ትወጋሃለች» እየተባለ ያደገ ልጅ ነበር። ሕዝብ የናቀውን ሙያ ማን ተነስቶ ይከፍለዋል?

እኔ ልጆች ሁሉ ነርስ ይሁኑ አላልኩም። የምለው፣ ስለ ሙያው እውነቱን ንገሯቸው ነው። ለዚህ ደግሞ በጀትም ሥልጠናም አያስፈልግም። የአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ አለ አይደል? አንድ ነርስ ከቅርባችሁ ጤና ጣቢያ ጋብዙ፤ ከተቻለ ወንድም ሴትም። ንግግር አታድርጉ፣ ልጅ ንግግር ይሰለቸዋል። ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አድርገው የልብ ምታቸውን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከዚያ ሜዳውን አንዴ ዞረው ሮጠው እንደገና ይቁጠሩ። ሒሳብም ሳይንስም ነው! ቀጥሎ ነርሶች መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት የሚያረጋግጧቸውን አምስቱን ትክክሎች በካርድ ያጫውቷቸው፦ ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ክፍል ውስጥ ሁለት ዮናስ ካለ የማን መድኃኒት ለማን ሊሄድ እንደሚችል ወዲያው ይገባቸዋል። ነርስነት ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ያኔ ያያሉ።

ከዚያ ክንዳቸውን ይመልከቱ። ብዙዎቻቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ እንደተወለዱ የተከተቡት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ምልክት ናት። «ይቺን ያደረገልህ ሰው ሊጎዳህ አልነበረም፣ ሊጠብቅህ ነው» በሉት። «መርፌ ያማል?» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ አትዋሹት። «አዎ፣ ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል» በሉት።

ታሪክ ከፈለጋችሁም አለን። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የተማሩት ነርስነት ነው። የንጉሥ ልጅ የታመመ ሕፃን አጥበዋል፣ አልጋ አንጥፈዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም በለጋ ዕድሜያቸው ነቀምት ላይ አረፉ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል መጀመሪያ የተሠራው በእሳቸው ስም ነው። «ለምን ነርስ?» ለሚለው ዘመድ ይቺን ንገሩልኝ።

ወላጆች፣ የእናንተ የቤት ሥራ ከዛሬ ማታ ይጀምራል፦ ልጁ እራት አልበላም ካለ ሌላ ዘዴ ፈልጉ፣ ነርሷን ግን ተዉአት። መምህራን፣ ለመስከረም ከአሁኑ አስቡበት። ነርስ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ በዓመት አንድ ሰዓት ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስጡ። ፈቃደኛ የሆናችሁ የምትሠሩበትን ከተማ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቃቸው የታች ክፍል መምህራን ካሉ አገናኛችኋለሁ። የማትስማሙም ጻፉ፣ እንከራከራለን። ሼር ማድረግ አትርሱ።

ሰላም ያሰንብተን።