የጄኔራሉ አባት

የአሜሪካን የነጻነት ጦርነት ታሪክ የሚያነብ ተማሪ የፒተር ሙለንበርግን ስም ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ይህ ሰው ቄስ ነበረ፤ በ1776 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቨርጂኒያ ስብከቱን ሲጨርስ ካባውን ቢያወልቅ ከሥሩ የወታደር ልብስ ታየ ይባላል። ዝርዝሩን የሚጠራጠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ቢኖሩም፣ ጄኔራል መሆኑና በዮርክታውን መዋጋቱ የታወቀ ነው። የእብነ በረድ ሐውልቱም በዋሺንግተን በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ቆሟል።

እኔ ግን፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ የሚበልጠው ምስጋና ለአባቱ ይገባል እላለሁ።

አባትየው ቄስ ሔንሪ ሜልኪዮር ሙለንበርግ በ1711 በጀርመን አገር በአይንቤክ ተወለዱ። በፔንሲልቬንያ የሰፈሩ የሉተራን ጀርመኖች ቄስ እንዲላክላቸው ወደ ሐለ ከተማ በጻፉት መሠረት፣ በ1742 ባሕር ተሻግረው ፊላዴልፊያ ገቡ። ያገኙት ግን ባለቤት የሌለው ቤት ነበረ። ማንም ተነሥቶ «ቄስ ነኝ» ቢል የሚከለክለው አልነበረም። የሞራቪያውያን መሪ የነበሩት ካውንት ዚንዘንዶርፍ እንኳ የፊላዴልፊያን ሉተራኖች በእረኝነት ይዘው ስለ ነበረ፣ በማኅበሩ መዝገብ ምክንያት ከእሳቸው ጋር ተከራከሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ለወሬ አይመችም። ከፊላዴልፊያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እስከሚርቀው እስከ ትራፕና ከዚያም አልፎ በፈረስ መመላለስ፣ የተጣሉ ምእመናንን ማስታረቅ፣ ደብዳቤ መጻፍ ነበረ። በኒውዮርክ ሳሉ በጀርመንኛ፣ በሆላንድኛና በእንግሊዝኛ ይሰብኩ ነበረ፤ ቋንቋ ማጥናት ለሚያስመርረን ይህ ብቻ ይበቃል! በ1748 ቄሶችንና የምእመናን መልእክተኞችን በአንድ ጉባኤ ሰበሰቡ። በ1762 ደግሞ የፊላዴልፊያው ማኅበር ሽማግሌዎቹን በምርጫ የሚያቆምበት ደንብ ወጣ። ከአገሪቱ ነጻነት በፊት ተራው ገበሬና አናጢ መምረጥንና መመረጥን በዚህ ለመደ። ይህን ከጦር ሜዳ ጀብዱ አሳንሼ ማየት አይሆንልኝም።

«ሽማግሌው በጦርነቱ ጊዜ ፈርተው ተቀመጡ» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ ሦስተኛ የትውልድ አገራቸው የሐኖቨርም ገዥ ነበረ፤ ልጃቸው ደግሞ የሚዋጋው ከዚሁ ንጉሥ ጋር ነው። ሌላው ልጃቸው ፍሬደሪክም መጀመሪያ ወንድሙን ቄስ ሆኖ ስለ መዝመቱ በደብዳቤ ነቅፎት ነበረ። ኋላ ግን ራሱ ወደ ፖለቲካ ገብቶ በ1789 የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባኤ ሆነ። አባታቸው በ1776 ወደ ትራፕ ተመልሰው፣ በጦርነቱ መካከል የሚቀበረውን እየቀበሩ፣ የሚጠመቀውን እያጠመቁ፣ ያዩትን በየዕለቱ በማስታወሻቸው ይጽፉ ነበረ።

በ1787 እዚያው ትራፕ ዐረፉ። በ1743 ያሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ፤ መቃብራቸውም በግቢው ውስጥ ይገኛል። ጄኔራሉም የተቀበረው እዚያው፣ ከአባቱ አጠገብ ነው።