ሰባራው ድልድይ ማንን ይጠብቅ ነበር?

ከሞጣ ወርዶ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው የዓባይ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ ይባላል። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መሀሉን ሰበሩት፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። ድልድዩ ግን ያው ሰባራ! የማዶና የማዶ ሰው ከ60 ዓመት በላይ በገመድ እየተጓተተ ገበያና ለቅሶ ደረሰ። ንጉሡም አለፉ፣ ደርግም አለፈ፣ ኢሕአዴግም ገባ። ታዲያ ማን ጠገነው ትላላችሁ? ፎቶውን መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ! እ.ኤ.አ. በ2002 ብረቱ በአህያ ተጭኖ ወርዶ ተገጠመ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣዩን ድልድይ የሠራውም እሱው ያቋቋመው ድርጅት ነው። ለመሆኑ የእኛ ሹማምንት ያን ሁሉ ዘመን ያን ገመድ አላዩትም? ለማየት እኮ መጽሔት አያስፈልግም ነበር፤ ሞጣ ድረስ መውረድ ይበቃ ነበር።