የጸጥታ ኃይል ሥልጣን ከሕግ ይመነጫል፤ በሕግም ይለካል

ሰላም ለሠርቶ አደሩ ሕዝብ ዕለታዊ እንጀራው ነው። ገበሬው ማሳውን የሚያርሰው፣ ሠራተኛው ከሥራው ገበታ የሚገኘው፣ እናት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የምትልከው ሰላም ሲሰፍን ብቻ ነው። ስለዚህም ሕግን የሚያስከብር፣ ሽፍታን የሚገታ፣ የደካማውን መብት ከጉልበተኛው የሚጠብቅ የታጠቀ ኃይል ማስፈለጉ አያከራክርም። መሠረታዊው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሕግ አስከባሪው ራሱ በየትኛው ሕግ ይገዛል? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ይህንኑ ጥያቄ ሲሆን፣ የምንመለከተውም ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋዎች አንጻር ነው።

ዋግ ኽምራን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሕዝብ ጦርነትን፣ ድርቅንና መፈናቀልን በተከታታይ የቀመሰ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ዘልቆ፣ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወድቃ ነበር፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖችም ለብዙ ጊዜ በሰቆጣ ተጠልለዋል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ግድም የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መወሰኑ፣ ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ መታወጁ፣ የፌዴራል ኃይሎችን በክልሉ ሕዝብ የዕለት ኑሮ ውስጥ ከቀድሞው ይበልጥ እንዲገኙ አድርጓቸዋል። እንግዲህ የፌዴራሉ ኃይል ሥልጣን ከየት ይጀምራል፣ ወዴትስ ያቆማል የሚለው ጉዳይ ለዋግ ገበሬ የምሁራን ክርክር ሳይሆን የልጁና የወንድሙ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሥልጣኑን እንመልከት። በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የፌዴራል ፖሊስን የማቋቋም ሥልጣን በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት፣ የክልል ፖሊስን የማደራጀት ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 52 ለክልሎች ሰጥቷል። አንድ ክልል ከአቅሙ በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲገጥመው የፌዴራሉ ኃይል በክልሉ ጥያቄ መሠረት እንደሚሰማራም ያው አንቀጽ 51 ይደነግጋል። የአገባቡን ሥርዓት በዝርዝር የወሰነው በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 359 ነው። የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ተግባርና ኃላፊነት ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 720 ተዘርዝሯል። እንግዲህ ሥልጣኑ በጽሑፍ የሰፈረ፣ ወሰኑ የታወቀ ነው። በጽሑፍ ያልሰፈረ ሥልጣን የዘራፊ ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ግዴታው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለሚደረገው ጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህች አጭር ሐረግ በአዲስ አበባ ብዙም አታስጨንቅም፤ በዝቋላ ቆላ፣ በሳህላ ገደል፣ በአበርገሌ በረሃ ግን የሰው ነጻነት የተንጠለጠለባት ክር ነች። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም 48 ሰዓትን ጠቅሶ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቦታውን ሁኔታና የመገናኛውን አመቺነት ለመዘግየት በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ይህን ሰፊ በር አጥብቦታል። የተፈቀደው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአለቃው ቀጠሮ፣ የነዳጅ እጥረት፣ የመርማሪው ሥራ መብዛት በመንገድ ስም ሊመዘገብ አይችልም። በእግር የአንድ ቀን መንገድ የሆነውን አሥራ አምስት ቀን የሚያሰኝ ተራራ በዋግ የለም።

«የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ሩቅ ነው» የሚል ሰበብም ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ አድርጓል። ይህ የተደረገው የሩቅ አገር ሰው ዳኛ ፍለጋ ዋና ከተማ ድረስ እንዳይንከራተት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉም የተያዘው ሰው የሚቀርበው በአቅራቢያው ባለው ፍርድ ቤት መሆኑን ይናገራል።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ያው አንቀጽ 19 የተያዘው ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። በዋግ ኽምራ ኽምጣና የሚናገር አያሌ ሕዝብ አለ። ከሌላ አካባቢ የመጣ የፌዴራል ፖሊስ አባል ለኽምጣና ተናጋሪ ሽማግሌ በአማርኛ «ተነሣ፣ ቅደም» ብሎ ቢወስደው የሕጉን ግዴታ አልፈጸመም። አስተርጓሚ ማቅረብ ቸርነት ሳይሆን ግዴታ ነው።

«በግጭት ጊዜ ይህ ሁሉ እንዴት ይቻላል? ታጣቂ ተኩሶ ፖሊስ ሲገድል፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ሲያግት በሰዓት ቆጠራ እንታሰር?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ከምር የሚወሰድ ነው፤ ሕግ ሲያስከብሩ የወደቁ አባሎችም የድኻ ልጆች ናቸውና። ሆኖም ሕጉ ራሱ ለክፉ ቀን መልስ አዘጋጅቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶች እንዲገደቡ ይፈቅዳል፤ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለውን አንቀጽ 18ን ግን ማንም፣ በምንም ጊዜ እንዲያግደው አይፈቅድም። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋምና የታሰሩ ሰዎችን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጽም ያዛል። ከዚህም በላይ በ2015 ዓ.ም. የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ተራዝሞ ከቆየ በኋላ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ጊዜው አልቋል። ጊዜው ያለፈበት አዋጅ የማንም የእስር ማዘዣ ሊሆን አይችልም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በክልሉ ከሕግ ውጭ የተፈጸሙ ግድያዎችንና የዘፈቀደ እስራትን በየጊዜው ለሕዝብ ማስታወቁም ጥያቄው ዛሬም ያልተዘጋ መሆኑን ያመለክታል።

በተግባርም ሲታይ ሕግን የጣሰ ሕግ አስከባሪ ራሱን ይጎዳል። ያለ አግባብ የታሰረ ገበሬ ቤተሰብ መረጃ አይሰጥም፤ የተደበደበ ወጣት ወደ ጫካ ይመለከታል፤ ፖሊስን የሚፈራ ሰፈር ሌባውን ይደብቃል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች ሥነ ምግባር ደንብ ኃይል የግድ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ፣ ያውም ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን እንዲሆን የደነገገው የዓለምን መራራ ልምድ አይቶ ነው።

የእኛም ልምድ ከዚያ አያንስም። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋሙ ዓላማቸው የቤትና የመሬት ጉዳይን፣ የጎረቤት ክርክርን በሸንጎ መፍታት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ሥልጣናቸው በአዋጅ ቁጥር 104 ሲሰፋና የጥበቃ ጓዶች ሲታጠቁ፣ ማሰርና መመርመር ከፍርድ ተነጠለ፤ «ነጻ እርምጃ» የሚባለው ተከተለ፤ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወህኒ ቤት ሆነ። በዚያ ዘመን ትእዛዝ የፈረሙ ሰዎች የሚጠይቃቸው የሌለ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዓቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ከማስረጃዎቹ መካከል ራሳቸው የፈረሙባቸው ወረቀቶች ይገኙ ነበር። ፍርዱ ግን ሠላሳ ዓመት ዘግይቷል፤ የዘገየ ፍርድ ሙታንን አላስነሣም። በበርካታ መንግሥታት ዘመን የሥቃይ ስም የነበረው ማዕከላዊ ምርመራም የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ተጠያቂነት በዕለቱ፣ በቦታው፣ በመዝገቡ ላይ መጀመር አለበት የምንለው ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ነው።

በመሆኑም ከእያንዳንዱ ወገን የሚጠበቀው ግልጽ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸጥታ ኃይሎች ሰብአዊ መብት ሲጥሱ መርምሮ እርምጃ እንዲወስድ በአንቀጽ 55 የተጣለበትን ግዴታ በሪፖርት ማድመጥ ብቻ ሊወጣው አይችልም፤ ሰቆጣ ድረስ መውረድ ይጠበቅበታል። የፌዴራል ፖሊስና ሌሎች ኃይሎች እያንዳንዱን የተያዘ ሰው ከሰዓቱና ከቦታው ጋር መመዝገብ፣ የያዘውን አባል ማንነት መግለጽ፣ ለቤተሰብ ያለበትን ማስታወቅ ይገባቸዋል። ዓቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ሕገ ወጥ እስራት፣ በአንቀጽ 424 ተገቢ ያልሆነ የምርመራ ዘዴ እንደሚያስቀጡ ያውቃል፤ በባለ መለዮም ላይ ሊሠራባቸው ይገባል። ዳኛም አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ሲቀርብለት የሚያየው የሰውን አካል እንጂ የአሳሪውን ማዕረግ ሊሆን አይገባም።

የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የዕድርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት ድርሻም ቀላል አይደለም። ጎረቤት ሲወሰድ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተወሰደበትን አቅጣጫ መዝግቦ መያዝ፣ ለቤተሰቡ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው መፈለግ፣ ለፍርድ ቤትና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። በአንጻሩም ወንጀለኛን መሸሸግ፣ በቂም ተነሣሥቶ ንጹሕን ሰው መጠቆም ከዚሁ ኃላፊነት የሚያርቅ ጥፋት ነው። አባቶቻችን በመንገድ ላይ ጉልበተኛ ሲገጥማቸው «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር፤ ይህን የሰማ ሰው፣ የታጠቀም ቢሆን፣ ይቆም ነበር። ዛሬም በዋግ ደጋ አንድ ገበሬ በፌዴራል ኃይል ፊት ቆሞ መብቱን ሲጠይቅ የሚያቆም ሕግ እንዲኖረው፣ ሕጉን የጻፈውም፣ መሣሪያውን የያዘውም፣ ሕዝቡም በየፊናው ግዴታውን ይወጣ።