ሰርቨሩ ሲዘምን ባክአፑ ለምን ይረሳል?

በከተማችን ያሉ ድርጅቶች ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ ነገር እየገባቸው መጥቷል። ለሂሳብ አንድ፣ ለደመወዝ አንድ፣ ለንብረት አንድ፣ ለፋይል አንድ እየተባለ በየክፍሉ አቧራ የሚጠጣ ማሽን መደርደር ትርፉ የመብራት ሂሳብና የጥገና ወጪ ነው። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ሰርቨር ገዝቶ አራቱንም በውስጡ ማኖር፣ ማለትም ቨርቹዋላይዜሽን፣ ይሻላል ይባላል። እኔም እስማማለሁ። የማልስማማው ከዚያ በኋላ በሚሆነው ነው። ሰርቨሩ ይዘምናል፤ ባክአፑ ግን እንደ ድሮው ይቀራል። በእኔ አስተያየት ሰርቨሩን ቨርቹዋል አድርጎ ባክአፑን ባለበት የተወ ድርጅት ከበፊቱ የባሰ አደጋ ላይ ነው ያለው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ለተግባር ልምምድ የወጣሁበት፣ ስሙን የማልጠቅሰው የንግድ ድርጅት አራት ማሽኖቹን ወደ አንድ ሰርቨር ከሰበሰበ ዓመት አልሞላውም ነበር። ባክአፕ አለው ወይ? አለው። በየሌሊቱ ይሠራል፣ ጠዋት ጠዋት «ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። የሚቀመጠው ግን እዚያው ሰርቨር ውስጥ፣ እነዚያው ዲስኮች ላይ ነው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ሰርቨሩ ተቃጠለ፤ ዲስኮቹንም ይዞ ሄደ። ዋናውም ቅጂውም አብረው ጠፉ። የተረፈው ሂሳብ ሹሟ ከድሮ ልማዳቸው የተነሳ በፍላሽ ይዘውት የነበረ፣ ሁለት ወር ያለፈው የፒችትሪ ቅጂ ነው። የሁለት ወር ሽያጭ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ አንድ በአንድ እንደገና ተመዘገበ። ሠራተኛውም ደመወዙን የተቀበለው ሌላ ወር ከገባ በኋላ ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሂሳብ ሹሟ ድሮ አንዱ ማሽን ሲሞት ሦስቱ ይሠሩ እንደነበር፣ አሁን ግን ሁሉም ባንድ ቀን እንደሞቱ ሲናገሩ የአይቲ ባለሙያው የሚመልሰው አልነበረውም።

ታዲያ ጥፋቱ የቨርቹዋላይዜሽን ነው እንዴ? አይደለም። እንዲያውም ባክአፕን ቀላል ያደረገው እሱ ነው። በድሮው አሠራር የፒችትሪ ፋይል በእጅህ ቢኖርም ለመመለስ መጀመሪያ ዊንዶውስ መጫን፣ ከዚያ ያንኑ የፒችትሪ ቨርዥን ፈልጎ ማግኘት (ሲዲው የት እንደገባ ማን ያውቃል!)፣ ከዚያ ፕሪንተሩን፣ ኔትወርኩን፣ የተጠቃሚዎቹን ፈቃድ ማስተካከል ነበረብህ። ቨርቹዋል ማሽን ግን ከነዊንዶውሱ፣ ከነሶፍትዌሩ፣ ከነቅንብሩ ፋይል ነው። ፋይል ደግሞ ይቀዳል፣ ይጓዛል፣ ሌላ ፋብሪካ በሠራው ሌላ ማሽን ላይም ይነሳል። ይህን ዕድል ይዞ ቅጂውን ከዋናው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ስለ ስናፕሾት አንድ ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ከባክአፕ ጋር ያምታታዋልና። ስናፕሾት ማሽኑ በአንድ ሰዓት ላይ የነበረበትን ሁኔታ ያስታውሳል እንጂ የሚኖረው ከዋናው ዲስክ ጋር ነው። ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ዳታቤዝ ያለበት ማሽን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ፒችትሪ ከበስተጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ነው ያለው። ሰው እየመዘገበ ባለበት ሰዓት ፋይሉን መቅዳት ጸሐፊ እየጻፈበት ያለን ገጽ ፎቶ ኮፒ እንደማንሳት ነው፤ ግማሹ መስመር ይገባል፣ ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ ወይ ሥራ ከቆመ በኋላ ነው የሚቀዳው፣ ወይም ዳታቤዙ ለአፍታ ጽሑፉን ጨርሶ እንዲቆም የሚያዝ ባክአፕ ሶፍትዌር ያስፈልጋል።

ቅጂ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ጎንደር ትምህርት የሚያስፈልጋት ከተማ አልነበረችም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ዕቃ ቤት የነበረ መጽሐፍ ከነቤተ ክርስቲያኑ ነደደ። ሌላ ደብር የተገለበጠለት መጽሐፍ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በአገሪቱ ካሉ ብራናዎች ከ9,000 በላይ በፊልም አንስቶ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። ቴክኖሎጂ የሞላቸው አገሮችም ይህን ሲረሱ አይተናል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ውስጥ ከባትሪ የተነሳ እሳት 709 የመንግሥት ሲስተሞችን አስቆመ። የመንግሥት ሠራተኞች ፋይላቸውን የሚያኖሩበት ጂ-ድራይቭ የተባለው ማከማቻ 858 ቴራባይት እንደያዘ ወደመ። መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ውጭ ቅጂ አልተያዘለትም ነበር ተባለ።

«ክላውድ ላይ እንጫነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እስቲ እናስላው። አንድ መካከለኛ ድርጅት 500 ጊጋባይት አለው እንበል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ ከ11 ቀን በላይ ይፈጃል። ከወር ወር ሳይቋረጥ የሚሠራ መስመር አለኝ የሚል እጁን ያውጣ! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅጂህ ክላውድ ላይ አለ ማለት አለ ግን አይደረስበትም ማለት ነው።

ወለቃ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሸክላና የቤተ እስራኤል መንደር ነው። ለእኔ ሰፈሬ ናት፤ ለዚህ ጽሑፍ ደግሞ ጥሩ የባክአፕ ቦታ ናት። 500 ጊጋባይቱን በውጭ ዲስክ ቀድቶ ከፒያሳ ወለቃ በባጃጅ ቢወስዱት፣ መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2,000 ሜጋቢት በላይ ነው። (የባጃጅ ኔትወርክ ብለው ጓደኞቼ የሚስቁብኝ በዚህ ነው፤ ሒሳቡን ግን አላፈረሱትም።) ፒያሳ ያለው ቢሮ ቢቃጠል ወለቃ ያለው ዲስክ አይነካም። መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ከኔትወርክ የተነቀለ ዲስክ ደግሞ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም አይደርስበትም። ዲስኩ በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት፤ ቃሉ ግን ዲስኩ ላይ በፕላስተር አይለጠፍም።

ለከተማው ሁሉ ለሚደርስ ችግር ግን ወለቃም ቅርብ ናት። ስለዚህ ሌላ ቅጂ አዲስ አበባ ይኑር። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በሰው እጅ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የተለወጠው ብቻ ነው የሚላከው፤ 2 ጊጋባይት ከሆነ በዚያችው በ4 ሜጋቢት መስመር አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል። የተለወጠውን ብቻ የመለየት ሥራ ለድሮው ማሽን አስቸጋሪ ነበር፤ ቨርቹዋላይዜሽን ግን የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተነካ ራሱ ይመዘግባል። ሁለቱን አብሮ ማዘመን የሚያዋጣው በዚህ ነው።

ሁሉም ጉዳት ግን ከእሳትና ከዲስክ አይመጣም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን እናስታውስ፤ እኛ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችማ ስማችን ስለተነሳ አንረሳውም። በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት በተፈጠረ ችግር ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ መጠኑን ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶታል። እዚህ ላይ የትናንቱን ቅጂ መመለስ አያዋጣም፤ በዚያው ሌሊት በትክክል የተላከም ገንዘብ አለና። ያለው መፍትሔ መዝገብ በመዝገብ መለየት ነው። ለአነስተኛ ድርጅት ግን አንድ ጥሩ ልማድ ይጠቁማል፤ ሰርቨሩ ቨርቹዋል ከሆነ ማንኛውም ማሻሻያ በፊት በቅጂው ላይ ይሞከር። ከተበላሸም የተበላሸው ቅጂው ነው።

ስለ ወጪው ባጭሩ። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በ2023 ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ፈቃድ መሸጥ አቁሟል። ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ነው። በየዓመቱ በዶላር መክፈል ለማይችል ድርጅት ኬቪኤም ላይ የተሠራው ፕሮክስሞክስና የራሱ የባክአፕ ሰርቨር ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራሉ። እዚህ አገር የጎደለው ሶፍትዌር ሳይሆን ሶፍትዌሩን ተጠቅሞ መልሶ ያየ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጊትላብ የተባለው ድርጅት ዳታቤዙ ሲጠፋበት አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ ሲፈለጉ እንደታሰበው የሠራ አንድም አልተገኘም። እኛም ትምህርት ክፍል ውስጥ ባክአፕን የምንማረው በስላይድ ነው፤ ሪስቶር አድርጎ የተፈተነ ተማሪ አላውቅም። ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤተ ሙከራው ጥግ ከተከመሩት ዴስክቶፖች ሁለቱ ይሰጡን። በፕሮጀክት ዲፌንስ ቀን መምህሩ ሰርቨር የሆነውን ነቅሎ «አሁን መልሱ» ይበለን፤ ሰዓትም ይያዝብን። ስንት ሰዓት ሥራ ጠፋ፣ በስንት ሰዓት ተነሳ የሚሉት ሁለት ቁጥሮች በውጤታችን ላይ ይቆጠሩ። ለመጀመሪያው ሙከራ ዲስኩን ከወለቃ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።