ስለ እንግሊዝኛ የንግግር ፈተና

ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ለመሄድ አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ከሚሰናዱት ወጣቶች ብዙዎቹ፤ አንደበታቸውን በማፍታታት ፈንታ የተጻፈ መልስ በቃላቸው ይይዛሉ። ይህ ገንዘብንና ጊዜን ማባከን ነው። ፈታኙ ተፈታኙን ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ፊት ለፊት የሚያነጋግረው የንግግሩን አካሄድ፤ የቃላቱን ስፋት፤ ሰዋስውንና የድምፁን አወጣጥ ለመመዘን ነው እንጂ የተሸመደደውን ለመስማት አይደለም። ውዳሴ ማርያምን በቃል መድገም ያስመሰግናል፤ የቅኔ ተማሪ ግን የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም መምህሩ አይቀበለውም።

ነጥቡም እስከ 9 የሚቆጠር ሲሆን አላፊና ወዳቂ የለበትም፤ የሚበቃውን ነጥብ የሚወስነው ተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ 6 ያገኘውን ልጅ «ወደቀ» ማለት አይገባም። ጠቅላላው ነጥብ የማድመጥ፤ የማንበብ፤ የመጻፍና የመናገር አማካይ ስለ ሆነ፤ 7 የያዘ ሰው በንግግር 5 ተኩል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እንግዶችን የሚያነጋግር ሠራተኛ የሚመርጥ ሹም የንግግሩን ነጥብ ለብቻው ይመልከት።