የቆመች ቮልስ ስንት ታወጣለች?

እብናት ውስጥ በአንድ ግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልስዋገን አለች እንበል። ባለቤቱ አባቱ የገዟትን መኪና እዚያው ግቢው ውስጥ አድሶ ሊነዳት ያስባል። ጎረቤቱ ‹‹ለቁራሌው ሽጣት›› ይለዋል። ገበያው ግን ከጎረቤቱ ጋር አይስማማም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። አቅርቦት እንዲህ ሲጠብብ አሮጌ መኪና ይወደዳል፤ ቅርስ ስለሆነ ሳይሆን ምትክ ስለታጣለት ነው።

ይሁን እንጂ ዕድሳት ሁሉ አያተርፍም። የዚህች ቮልስ ምርት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ አብቅቷል፤ መለዋወጫዋም ከውጭ የሚመጣው በዚያው በተወደደ ዶላር ነው። ስለዚህ ባለቤቱ እንደ ነጋዴ ማስላት አለበት። መጀመሪያ ሊብሬ፦ ሊብሬ የሌላት መኪና ብታምርም ቦሎ አታገኝም፣ ስምም አይዞርባትም። ቀጥሎ ወለል፦ ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝና በአራት ብሎን የሚወርድ በመሆኑ ግቢ ውስጥ ይጠገናል፤ ዝገት የበላው ወለል ግን በያጅና ባቲላሜራ ይጠይቃል። ወለሉን ሳያይ ቀለም የሚቀባ ሰው በስቱኮ ዝገት ይሸፍናል እንጂ መኪና አያድስም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ዕቃ ፍለጋ የሚደረገው ጉዞም ከሒሳቡ መቅረት የለበትም።

አሮጌ መኪና ያጨሳል የሚለው ወቀሳ እውነት አለው። በተለይ እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ነዳጅ ይፈጃል፣ ጭሱም ይጠቁራል። መፍትሔው ግን የዓመታዊ ምርመራውን ማጥበቅ ነው። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪና መፈለጉ አይነቀፍም፤ ሆኖም ባትሪ መሙያ በቅርብ ለማያገኝ ሰው ያለችውን መኪና ማደስ ምንዛሪ መቆጠብ ነው። ፒስተንና የፍሬን ሸራ ማስገባት ሙሉ መኪና ከማስገባት ይረክሳል፤ የመካኒኩ ጉልበት ደግሞ በብር ተከፍሎ እዚያው ይቀራል። በመለዋወጫ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ሲወሰን ይህ ሊታሰብ ይገባል።

እስከዚያው የእብናቱ ባለቤት ሊብሬውን ከሳጥን ያውጣ፣ ወለሉንም በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጎ ይፈትሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝገቱ ይሰፋል፤ ‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› መባሉ ለመኪናም ይሠራል።