ሁለት በቅሎ፣ አንድ መተላለፊያ

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ሊደረስ ሲል መንገዱ አለት መሃል ገብቶ ይጠባል። የሚወጣ በቅሎና የሚወርድ በቅሎ ከተገናኙ ባለቤቶቹ ተነጋግረው አንዱ ይቆማል፤ ሌላው ያልፋል። ተራው ለዕድል አይተውም።

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራና የምንፈትሽ ሰዎች ግን ተራውን ለዕድል ትተናል። ከእንግዲህ ይብቃ እንላለን።

አንድ ሒሳብ ውስጥ 1,000 ብር አለ እንበል። ባል ከኤቲኤም፣ ሚስት ከስልኳ 800፣ 800 ብር ይጠይቃሉ። አንዱ ፕሮሰስ ሒሳቡን ያነባል፤ ይበቃል። እሱ ሳይቀንስ ሌላውም ያነባል፤ ይበቃል። ከ1,000 ብር ላይ 1,600 ወጣ። ፈታሹ መቶ ጊዜ ቢሞክር መቶውንም ጊዜ ላያየው ይችላል፤ ስህተቱ ብቅ የሚለው ደመወዝ የገባ ዕለት፣ ሰርቨሩ ሲጨናነቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ሲውጠው፣ በኦሃዮ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ዝም ያሰኘው እንዲህ ያለ የተራ ሽሚያ ነበር። እኛም በመጋቢት 2016 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ሲወጣ አይተናል። ባንኩ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያ እንጂ ከሳይበር ጥቃት አልመጣም አለ። ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ሲሳሳት ሒሳቡ የአገር ነው።

ስለዚህ ሌላው ፕሮሰስ እስኪጨርስ «ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል ፍተሻ አንቀበልም። መጠበቅ ተስፋ ነው፤ ፍተሻ አይደለም። የምንፈልገው አንዱን ፕሮሰስ ካነበበ በኋላ የሚያቆም፣ ሌላውን የሚያሳልፍ፣ ከዚያ የፊተኛውን የሚለቅ መሣሪያ ነው። ሰዓቱም በእጃችን ይሁን። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ገዢው ብር ልኮ፣ ማረጋገጫው መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ደግሞ ሲልክ ምን እንደሚሆን ገበያተኛው ሳይከስር አስቀድመን እንየው።

ይቻላል። ፋውንዴሽንዲቢ የተባለው ዳታቤዝ መሐንዲሶች የብዙ ሰርቨሮችን ሥራ፣ ከነኔትወርክ መቋረጡና ከነዲስክ ብልሽቱ፣ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ አስመስለው ያስኬዳሉ። መቼ ምን እንደሚበላሽ የሚወስነው ዕጣ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ስህተቱን ከነአካሄዱ፣ በፈለገው ጊዜ ይደግመዋል። «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ያበቃል።

እናንተም ዛሬ የፍተሻ ኮዳችሁን ክፈቱ። አንዲት «ጠብቅ» ፈልጋችሁ አውጡና በቦታዋ ተራ የሚያስይዝ በር ሥሩ።